ክረምት የወፍ ወቅት ነው፦ በደሴና በኮምቦልቻ ከጓሮ እስከ ሐይቅ ዳር

ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ሰው ቤቱ የሚከተትባቸው ወራት ናቸው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርዳል፣ ጭቃው መንገድ ያስጠላል፣ ሽርሽር የሚያስብ የለም። ለወፉና ለአብዛኛው የዱር እንስሳ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቀው ጊዜ ይኸው ነው። ሣሩ ፍሬ የሚይዘው፣ አባጨጓሬው የሚበዛው፣ ጎጆ የሚሠራውና ጫጩት የሚፈለፈለው በክረምት ነው። በበጋ ቡናማና ዝምተኛ የነበረው ወፍ በነሐሴ ላባውን ለውጦ አጥር ላይ ይዘፍናል። «ዝናቡ ይውጣና እንሄዳለን» የሚል ሰው ዋናው ነገር ያልፈዋል።

የሁለቱን ከተሞች ልዩነት አስቀድማችሁ ያዙ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሙቀቱም በአማካይ በ4 ዲግሪ ያህል ይለያል። ስለዚህ የደሴ ጓሮ የደጋ እንስሳ ያስተናግዳል፣ የኮምቦልቻ ጓሮ ደግሞ የቆላ ጠረፍ ነው። ደሴ ያየነውን ኮምቦልቻ ካጣነው ወፉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ድሮም ቦታው አልነበረም። ሁለቱም ከተማ ዘመድ ያለው ሰው ታድሏል፤ በአንድ ጧት ሁለት ዓይነት አገር ማየት ይችላል።

ሰዓትና ዕቃ

ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጧቱን ተጠቀሙበት። ፀሐይ ከምትወጣበት ከ12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጀምሮ እስከ 3፡30 ያለውን የሚያህል የለም። ጉም ካለ ቶሎ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ። ጉም ውስጥ ወፍ ድምፁን ያሰማል እንጂ ራሱን አያሳይም፤ ሲገለጥ ግን ሌሊቱን ርቦት ያደረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊመገብ ይወጣል፤ የዚያን ጊዜው ግማሽ ሰዓት ከጠራ ጧት ይበልጣል። ሌላው ጥሩ ሰዓት ዝናብ እንዳባራ ያለው ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ወፎቹ ላባቸውን ሊያደርቁ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ይወጣሉ፤ ያኔ ለመብረር ስለሚሰንፉ ረጋ ብሎ ለተጠጋ ሰው በደንብ ይታያሉ።

አቅራቢ መነጽር መግዛት ከቻላችሁ 8 በ42 የሚል ቁጥር ያለበትን ፈልጉ። 8 የሚያቀርብበት እጥፍ ነው፣ 42 የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር። 10 እጥፉ ይሻላል ብለው የሚገዙ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ በጉምና በደመና ብርሃንም ይጨልማል። ለክረምት ውሃ የማያስገባ መሆኑ ከማጉላቱ ይልቅ ያስፈልጋል። አስተካክሎ መጠቀም የማያውቅ ሰው ራሱን እያመመው ይተወዋል፤ አካሄዱ ቀላል ነው። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና በመሃሉ መዘውር የግራውን አጥሩ። ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ፣ የመሃሉን ሳትነኩ፣ ቀኝ ዓይን ላይ ባለው ቀለበት የቀኙን አጥሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ አስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ የሚዞረው የመሃሉ ብቻ ነው።

በክረምት መነጽርንና ካሜራን የሚገድላቸው እርጥበት ነው። እርጥብ ሆኖ ቦርሳው ውስጥ ያደረ ሌንስ በውስጡ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው ደግሞ መስታወቱን በልቶ ጠባሳ ስለሚተው በመጥረግ አይለቅም። ከመስክ ስትመለሱ ከቦርሳው አውጥታችሁ አናፍሱት፣ ስታስቀምጡትም አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች አብራችሁ ክተቱ። በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉት፤ መጀመሪያ አቧራውን እፍ በሉት፣ ከዚያ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ።

ሌላው ዕቃ ያው የአገር ቤቱ ነው፦ ቦቲ ጫማ፣ ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ በዝናብ ይፈሳል) እና ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ። ጃንጥላውን ለዝናብ ብቻ አትያዙት። መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ወደ ፊት ዘንበል አድርጋችሁ ብትይዙት የሰውነታችሁን ቅርጽ ይሰብራል። ወፍ በጣም የሚፈራው ቆሞ የሚሄድን የሰው ቅርጽና የሚወዛወዝን እጅ ነው፤ ከጃንጥላ ሥር ለ15 ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ከቆያችሁ እየረሳችሁ ይመጣል።

ጓሮ

ብዙ ሰው ጓሮውን ለወፍ ላመቻች ሲል መጀመሪያ የሚያስበው እህል መበተን ነው። በክረምት አንመክርም። ዱሩ በምግብ የሞላ ሲሆን የተበተነ እህል ደግሞ በአንድ ሌሊት ይሻግታል፣ አይጥ ይጠራል፣ የታመመውን ከጤነኛው ጋር አንድ ቦታ ያጋፋል። መስጠት ካለባችሁ አንድ ጭብጥ ብጣሪ፣ ከመሬት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ በሆነ ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ያህል ብቻ፤ የተረፈውን ጠርጋችሁ ጣሉ።

ከእህል ይልቅ አበባ ትከሉ። ሬትና ብርቱካንማ አበባ ያለው ራስ ክምር ካሉ፣ አበባ የሚመጡት ቀጫጭን ወፎች ሳይጠሩ ይመጣሉ። ደሴ ላይ ከነዚህ ከትልልቆቹ አንዷ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው ናት። ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊና መዳብማ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ከጅራቱ መሃል ሁለት ላባዎች ረዝመው ይወጣሉ። ስለዚህ አበባውን ስትተክሉ ጧት ፀሐይ የሚያርፍበትን ቦታ ምረጡ፣ እናንተም ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ በተቃራኒው ከቆማችሁ የምታዩት ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። እነዚህ ወፎች ማር ቢመጡም ጫጩታቸውን የሚያሳድጉት በሸረሪትና በጥቃቅን ነፍሳት ነው፤ የተንጠለጠለውን ጎጆአቸውንም የሚያያይዙት በሸረሪት ድር ነው። የጣሪያ ክዳን ጠርዝና አጥር ላይ ያለውን ድር በክረምት ባትጠርጉት ጎጆው እናንተው ግቢ ይሠራል። የስኳር ውሃ የሚያንጠለጥሉ አሉ። አንድ እጅ ስኳር ለአራት እጅ ውሃ፣ ቀለምና ማር ሳይገባበት፣ በየቀኑ ዕቃው ታጥቦ ከሆነ አይጎዳም። ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ግን ይቦካል። የማጠብ ትዕግሥት የሌለው ሰው ሬት ይትከል።

ከአጥር በላይ በተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሣር የሚያጠልፍ ቢጫ ወፍ ካያችሁ ወንበር አውጡና ተቀመጡ። ወንዱ ከረጅም የሣር ቅጠል ጠርዝ በመንቁሩ ይነክስና ብድግ ብሎ ሲበር ቅጠሉ በርዝመቱ ይገነጠላል፤ በአንድ ንክሻ ረጅም ክር አገኘ ማለት ነው። ክሩን በእግሩ ቅርንጫፉ ላይ ይዞ በመንቁሩ ያሾልከዋል፣ ይመልሰዋል፣ ያጠብቀዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ቀለበት ነው። ቀለበቱ ላይ ቆሞ፣ አንገቱ በሚደርስበት ልክ፣ ፊት ለፊቱ ክፍሉን፣ ወደ ኋላ ደግሞ መግቢያውን ይሠራል። ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ዛፍ ብዙ ጎጆ አንጠልጥለው የሚኖሩት ዝርያዎች ጎልተው ይታያሉ። እዚያ ጎጆው አረንጓዴ ሳለ ሴት ካልመረጠችው ወንዱ ራሱ አፍርሶ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ መሬት ላይ የወደቀ ጎጆ ስታዩ ልጆች አፈረሱት ብላችሁ አትቸኩሉ። ከዚያው ዛፍ አጠገብ «ዲ-ዲ-ዲ-ዲድሪክ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አረንጓዴና መዳብማ የሆነችው ኩኩ መጥታለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው በነዚሁ ጎጆ ሠሪዎች ቤት ነው።

ሎሚ ወይም ብርቱካን ያለው ሰው፣ በተለይ ኮምቦልቻ፣ ቅጠሉን ገልበጥ እያደረገ ይይ። የጥፍር ጫፍ የማይሞላ ቢጫ ድቡልቡል እንቁላል፣ ወይም የወፍ ኩስ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ትል ሊያገኝ ይችላል። ኩስ መምሰሉ ወፍ እንዳይበላው ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከራሱ ጀርባ ቀይ ሁለት ቀንድ አውጥቶ የሚከረፋ ሽታ ይለቃል፤ ሰውን አይጎዳም። ይህ ጥቁርና ክሬም ቀለም ያለው ትልቁ ቢራቢሮ ነው። ልጆች ሲያድግ እንዲያዩት ከነቅርንጫፉ ቆርጣችሁ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አቁሙት፣ ትሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዳይሞት የጠርሙሱን አፍ በጨርቅ ድፈኑት፣ ዙሪያውን በአሮጌ አጎበር ሸፍኑት፤ ቅጠሉን በየቀኑ ቀይሩ፣ ሌላ ዛፍ ቅጠል አይበላም። ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ እንደ ሙቀቱ ወር ተኩል ያህል ይወስዳል። ችግኝ ከሆነ ሁለት ሦስት ትል ቅጠሉን ሊጨርሰው ይችላል፤ አንስታችሁ ትልቁ ዛፍ ላይ አድርጉት እንጂ መርዝ አትርጩ።

ስለ መርዝ አጥብቀን እንናገራለን። ማላታይን የተረጨበት ጎመን ላይ ያለው አባጨጓሬ ለጫጩት ይወሰዳል፣ ጫጩቱም ይሞታል። የአይጥ መርዝ ከዚህ ይብሳል፦ አይጧ ወዲያው ስለማትሞት ደንዝዛ ትንከላወሳለች፣ ጉጉት ወይም ጭልፊት በቀላሉ ይይዛታል፣ መርዙም ወደ እሱ ይተላለፋል። ደሴ ዙሪያ የስልክና የመብራት እንጨት ላይ ቁጭ የሚለው፣ ሆዱ ነጭ ጅራቱ ቀላ ያለ ትልቅ አዳኝ አሞራ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው አይጥና ፍልፈል ነው። ጓሮ ውስጥ ፍልፈል አፈር ሲቆልል ባለ ጓሮው ይናደዳል፤ እሱ ግን ቁልሉ ሲነቃነቅ ያያል። ጉጉትን «ሟርተኛ» ብሎ በድንጋይ ማባረርም የአይጥ ወዳጅ መሆን ነው።

እስስት ቀን ፈልጋችሁ አታገኟትም፤ ማታ ፈልጓት። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ በባትሪ የአጥሩንና የቁጥቋጦውን የውጭ ጫፍ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ቀስ ብላችሁ አብሩበት። ቀን ከቅጠሉ ጋር የምትመሳሰለው እስስት ስትተኛ ቀለሟ ይነጣል፤ ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጭራዋን ጠቅልላ ትገኛለች። ጫፍ ላይ የምትተኛው እባብ ቢመጣ ቅርንጫፉ ሲነቃነቅ እንድትነቃ ስለሆነ እናንተም ቅርንጫፉን አትንኩ፤ ትወድቃለች። መርዝ የላትም፣ አትናከስም ባይባልም ንክሻዋ አይጎዳም፣ ስለ እሷ የሚወራው አብዛኛው ፍርሃት ነው።

ማታ ሌላ የምንወደው ሥራ አንሶላ መወጠር ነው። ጨረቃ በሌለበት፣ ነፋስ ባልበዛበት ምሽት ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ሰቅላችሁ ከፊቱ መብራት አድርጉ፤ ከ1፡30 እስከ 4 ሰዓት ይበቃል። የእሳት ራት፣ ጥንዚዛ፣ ፌንጣ ይሰበሰባል። ከመብራቱ ሥር ጉርጥ መጥቶ ቁጭ ይላል። ከዝናብ በኋላ አሸን ሲወጣ ደግሞ ግቢው ሁሉ ገበያ ይሆናል፤ በነጋታው ጧት ቁራው፣ ጭልፊቱና ወፉ የቀረውን ሲለቅሙ ታያላችሁ። ስትጨርሱ መብራቱን አጥፉ፣ አንሶላውንም ቀስ ብላችሁ አራግፉ። እስኪነጋ ከተተወ የተሰበሰበው ሁሉ ለወፍ ቁርስ ይሆናል።

የወደቀ ጫጩት ያገኘ ሰው ሁሉ ይጨነቃል። ላባ አብቅሎ የሚዘል ከሆነ በረራ እየተማረ ነው፤ ድመት ከማይደርስበት ቁጥቋጦ ላይ አስቀምጡትና ራቁ፣ እናትና አባቱ ይመግቡታል። ራቁቱን ከሆነ ጎጆውን ፈልጋችሁ መልሱት። «ሰው የነካውን እናቱ ትጥለዋለች» የሚባለው ትክክል አይደለም። የሌሊት ወፍ ግን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በወፍራም ጨርቅ አንስታችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት።

ሣሩን እስከ ጥቅምት ተዉት

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብንባል የምንለው ይህንን ነው። ሰው የመስቀል ወፍ የሚላቸው ወፎች መስከረም ላይ ከየትም አይመጡም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። በበጋ ወንዱም ሴቷም ቡናማ ዝንጉርጉር ሆነው ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅለው እህል ይለቅማሉ፤ ክረምት ሲገባ ወንዱ ላባውን ይቀይራል። ደሴ ዙሪያ ባለው ሣር ላይ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሆነው ጥቁር ወፍ፣ ተዳፋቱ ላይ ደግሞ ረጅም ጥቁር ጅራት ያለውና አንገቱ አካባቢ ቀይ የሆነው አለ። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ጨፋ ስትወርዱ በማሽላውና በቄጠማው ላይ እሳት የመሰለው ቀይና ጥቁሩ ይተካል።

ቢጫ ወገቡን ለ20 ደቂቃ ተመልከቱት። ሣሩ ላይ ከሁሉ ከፍ ባለ አንድ ግንድ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ወንድ ከቀረበ ወይም ሴት ካለፈች ይነሳና ከሣሩ በላይ ዝቅ ብሎ፣ የወገቡን ላባ አሳብጦ፣ ክንፉን እየመታ ይበራል፤ ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ነገር ላይ የታሰረ ቢጫ ኳስ ይመስላል። ቡናማዋ ሴት በዚህ ጊዜ ሁሉ ምንም አይታይባትም። እሷን ጠብቁ፤ ምግብ በአፏ ይዛ ሣር ውስጥ የምትገባበት ቦታ ጎጆው ያለበት ነው። ጎጆው ከሣር የተጠለፈ፣ መግቢያው በጎን የሆነ፣ ከመሬት ብዙም ያልራቀ ነው።

ችግሩ የሚመጣው እንቁጣጣሽ ሲደርስ ነው። ለበዓል ሣርና ቄጠማ የሚታጨደው፣ ለከብት ድርቆሽም መቆረጥ የሚጀምረው ጫጩቱ ገና ጎጆ ውስጥ ሳለ ነው። አንድ ጎጆ ከእንቁላል መጣል እስከ ጫጩት መውጣት አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። ከግቢያችሁ ወይም ከማሳችሁ ዳር ሁለት ሜትር ስፋት፣ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ሣር እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሳይታጨድ ቢቆይ ለአንድ ጥንድ ትልቅ ነገር ነው። ለበዓል የምታጭዱትን ደግሞ ከማጨዳችሁ በፊት ከ10 ሜትር ርቀት ላይ ለሩብ ሰዓት ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ሴት ወፍ ተመላልሳ የምትገባበት ቦታ ካለ ያንን ትታችሁ ሌላውን እጨዱ። ጎጆውን አገኘሁ ብላችሁ በየቀኑ አትሂዱ። በረገጣችሁት መስመር ድመትና ቁራ ይከተላል።

ከከተማ ስትወጡ

ደሴ ዳር ያለው አዝዋ ገደል ለአሞራና ለንስር ነው። ገደል ጫፍ ላይ ሆናችሁ ወፉን ከላይ ወደ ታች ስለምታዩት የጀርባውን ቀለም ታያላችሁ፤ ከታች ሆኖ ሰማይ ላይ ከመለየት ይቀላል። እዚህ ማለዳ መምጣት አያስፈልግም። ትልልቆቹ የሚነሱት ፀሐይ ገደሉን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ ከ3፡30 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ደመናው ከከበደ ቁጭ እንዳሉ ይውላሉ። አጥንት ከፍ አድርጎ ዓለት ላይ ጥሎ የሚሰብረውን ጢማሙን አሞራ በሹል ክንፉና ጫፉ ሾጠጥ ባለ ጅራቱ ትለያላችሁ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ መንቁሩ የወፈረው ቁራም እዚሁ አለ፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ማለዳ በከተማዋ ላይ እየጮኸ የሚያልፈው፣ መንቁሩ ወደ ታች የታጠፈና ጉሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ጫፉን ልቀቁ፣ ብቸኛ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ።

የጎፍ ደን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለ የቆየ የጽድና የወይራ ደን ነው። ደን ውስጥ እየሄዱ ማየት ከባድ ስለሆነ ጠርዙን ያዙ፦ ዛፉ ከማሳው የሚገናኝበት፣ ፍሬ ያፈራ ሾላ ወይም ወይራ ያለበት። ጦጣና ዝንጀሮ፣ ዓለታማው ላይ ሽኮኮ፣ ማለዳ ደግሞ ከደኑ ወደ ሣሩ ወጣ ያለ ድኩላ ሊገኝ ይችላል። ድኩላ ሲያያችሁ ይቆማል፤ እናንተም ቁሙ፣ ወደ ጎን እንጂ በቀጥታ አትዩት፣ ተመልሶ መጋጥ ይጀምራል። ከመግባታችሁ በፊት ጥበቃውን ወይም ቀበሌውን አነጋግሩ። ይህ ለሥነ ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ መነጽርና ካሜራ አንግቶ ጫካ ዳር የሚቆም እንግዳ ሰውን ያሳስባል። ማሳ ላይ ያለውን ገበሬ «በርቱ» ብላችሁ ሰላም ብላችሁ ለምን እንደመጣችሁ ንገሩት፤ «ጋሼ፣ ወፍ ልናይ ነው» ከተባለ ጎጆ ያለበትን የሚያሳየው ራሱ ነው። መነጽሩን ወደ ሰው ቤት፣ ወደ ካምፕና ወደ ድልድይ አታዙሩ።

ቆላ ቀመስ በሆነው በኮምቦልቻ በኩል ረጅም ሣር ውስጥ ስትገቡ እፉኝትን አስቡ። አይሸሽም፤ ተጠቅልሎ ይቆያል፣ የረገጠውን ይነድፋል። ቦቲ፣ ከፊት መሬቱን የሚመታ ዱላ፣ እጅን ያላዩበት ድንጋይ ሥር አለመክተት። የተነደፈ ሰው አይቆረጥም፣ አይታሰርም፣ አይመጠጥም፤ እግሩን ሳያንቀሳቅስ በፍጥነት ሆስፒታል ይወሰዳል። ገና ጨለማ ሳለ ብቻችሁን አትውጡ፤ ጅብ በሁለቱም ከተማ ዳር አለ። ቦርከና ዳር ስትቆሙ ላይኛው አገር ዘንቦ ከሆነ ውሃው እናንተ ጋ ሳይዘንብ ድንገት ይሞላል፤ ከተማ ውስጥ ባለው ክፍሉ ደግሞ ፍሳሽ ስለሚገባበት እጃችሁን አትንከሩ።

ማይባር ሐይቅ ትንሽና ጸጥ ያለ ደጋ ሐይቅ ነው፤ በክረምት መንገዱ ስለሚያዳልጥ ከምታስቡት እጥፍ ጊዜ ያዙ። ጨፋ በተቃራኒው ሰፊ ረግረግ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሆኖ ማየት ይበቃል፣ ወደ ውስጥ መግባት ግን በጭቃ መዋጥ ነው። የጉጉፍቱ ውርጭ ከተቀረው ሁሉ ይለያል፤ ጅብራና ጓሳ ያለበት ከፍታ ነው፣ ወፍራም ልብስ ያዙ። በወሎ ደጋ ገደሎች ጭላዳ ካገኛችሁ ማወቅ ያለባችሁ፦ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፣ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በጣቱ ሣር እየነጨ ይበላል። መንገዱን አትዝጉበት፤ እናንተ ከገደሉ ጋር ሆናችሁ እሱ ሜዳ ላይ ከቀረ ይደነግጣል። ከጎን 30 ሜትር ርቃችሁ ተቀመጡ። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ዳቦ አትስጡ፤ የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬ ማሳ ይገባና ይገደላል። ቀይ ቀበሮ ወዳለበት ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ግን በክረምት አትነሱ፤ ጭቃው መኪና ያስቀራል፣ ጥቅምት ይድረስ።

ያያችሁትን መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ጧት ቀን፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ ቦታ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የወፉ ዓይነትና ብዛት፣ ምን ሲያደርግ እንደታየ ጻፉ። ስሙን ካላወቃችሁ መጠኑን ከድንቢጥ፣ ከርግብ ወይም ከቁራ ጋር አነጻጽሩ፤ የመንቁሩን ቅርጽ፣ የእግሩን ቀለም፣ የተቀመጠበትን ቦታ አስፍሩ። ሰው ያየውን ወፍና እንስሳ በሚመዘግብባቸው ድረ ገጾች፣ ኢበርድ ወይም ኢናቹራሊስት ላይ ስትጭኑ ሁለት ስሕተት በተደጋጋሚ ይፈጸማል። አንደኛው ቀኑ ነው፦ ነሐሴ 10ን እንደ ኦገስት 10 መጫን፤ ትክክለኛው ኦገስት 16 ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፦ ጧት 1፡30 ብሎ የጻፈ ሰው ሳይቀይር ሲያስገባው ወፉ ከሌሊቱ እኩለ ሌሊት በኋላ የታየ ይሆናል። 6 ሰዓት ደምሩበት። ደብተራችሁ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ብትጽፉ ይሻላል።

ሐይቅን ለመጨረሻ ያቆየነው ወቅቱ ስለሚሻገር ነው። ከደሴ መናኸሪያ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ አይጠፋም፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከከተማው ወደ ውሃው ባጃጅ አለ። በነሐሴ ላይ ዓሣ ሊይዝ ከአየር ላይ ቆሞ ክንፉን የሚመታውን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አዳኝ፣ ክንፉን ዘርግቶ የሚያደርቀውን ጥቁሩን፣ የግብፅ ዝይና ግንባሩ ነጭ የሆነውን ጥቁር የውሃ ወፍ ታያላችሁ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ሴቶች ከውጭ ካለው ዳርቻ ማየት ይችላሉ፤ የገዳሙ ዛፎች የቆዩ ስለሆኑ ከዳርቻውም ብዙ ወፍ ይታያል። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡትን ዳክዬዎች ግን በነሐሴ አትፈልጉ፤ እነሱ ያን ጊዜ አገራቸው ሆነው ጫጩት እያሳደጉ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይገባሉ፤ በኅዳር ይበዛሉ። ለዚያ ጊዜ ጧት ከምሥራቁ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራቡ ዳር ቁሙ፤ ውሃው ፀሐይዋን ዓይናችሁ ላይ እንዳያንጸባርቅ።